አደጋን መቁጠር ምን ይጠቅማል?

ቦሌ አካባቢ ስለምንኖር አውሮፕላን በአናታችን ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየት እንኳን ትተናል አይደል? ዛሬ ግን ስለ አውሮፕላንና ስለ ቁጥር እንነግራችኋለን።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። ዓይነቱ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ተመሳሳይ አውሮፕላን ኢንዶኔዢያ ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል።

«ሁለት አደጋ ብቻ እኮ ነው» የሚል ይኖራል። ቆይ! እዚህ ላይ ሒሳብ ይመጣል። እንበልና በትምህርት ቤት ዋናው በር በወር 10 ተማሪ ወደቀ፣ በኋላው በር ደግሞ 4። የቱ ይከፋል? ዋናው እንዳትሉ! በዋናው በር 1,000 ተማሪ፣ በኋላው 100 ተማሪ የሚገባ ከሆነ፣ በዋናው ከ100 ተማሪ 1 ሲወድቅ በኋላው 4 ይወድቃል። ስለዚህ የሚያስፈራው የኋላው በር ነው። አደጋውን ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚውንም ብዛት መቁጠር ያስፈልጋል።

737 ማክስ ሰው ማጓጓዝ ከጀመረ 2 ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። ለእንደዚህ ዓይነት አዲስ አውሮፕላን 2 አደጋ በጣም ብዙ ነው። መርማሪዎች የሁለቱን በረራዎች መረጃ ሲያስተያዩ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። አፍንጫው አጠገብ ያለ አንድ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ሲልክ፣ ኤምካስ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ይደፋው ነበር።

የሚያሳዝነው ምን መሰላችሁ? ከኢንዶኔዢያው አደጋ በኋላ የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ችግሩ ካልተስተካከለ አውሮፕላኖቹ በሚያገለግሉባቸው ዓመታት 15 ያህል አደጋ ሊደርስ እንደሚችል አስልቶ ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። አሜሪካ ያስቆመቻቸው መጋቢት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፣ የእኛዎቹ ካለቁ በኋላ። ፕሮግራሙ ከተስተካከለ በኋላ የእኛ አየር መንገድ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. እንደገና አበረራቸው።

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ ቁጥር ያስጠነቅቃል፣ የሚያድነው ግን ሰው ሰምቶ ሲሠራበት ነው።

ስለዚህ ክበባችን አንድ ደብተር አዘጋጅቷል። ግቢ ውስጥም ሆነ መንገድ ስትሻገሩ አደጋ ሲደርስ፣ ለጥቂት ስትተርፉም ጭምር፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የሆነውን አስመዝግቡ። ስም አይጻፍም፤ የምንፈልገው ጥፋተኛ ሳይሆን ምክንያቱን ነው። በወሩ መጨረሻ ቆጥረን ለርዕሰ መምህራችን እናቀርባለን። መምህራን፣ እናንተም ቁጥሩን ሰምታችሁ ዝም እንዳትሉ አደራ!

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ቸር ይግጠመን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ