ዘይቱ ከየት ነው የሚመጣው?

ከሞተር ሥር ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ የሚያመልጥበት ቦታ አይደለም። ከላይ ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን ያመለጠ ዘይት የሞተሩን ጎን ይዞ ይወርዳል። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ መጨረሻ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ጥግ ጠብ ጠብ ይላል። ይህን ሳያጣራ «የኋላው ፓራሊዮ ሄዷል» ብሎ ካምቢዮ የሚያወርድ ባለሙያ ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ተለፍቶ፣ የእጅ ዋጋ ተከፍሎ፣ በማግስቱ ያው ጠብታ እዚያው መሬት ላይ ይገኛል።

እንደ እኔ ከሚሴ ላይ መኪና የሚሠራ ሰው ከዚህ ጣጣ ጋር የሚውለው በመንገዱም ምክንያት ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የወጣ መኪና፣ ጣሊያን የሠራውን 587 ሜትር ዋሻ አልፎ ሸዋሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ወርዷል። ከዚያ የጨፋ ሜዳ ሙቀት ይቀበለዋል። ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ዳገት ጭኖ ይወጣል። ዘይቱን የሚይዘው የጓርኒሲዮንና የፓራሊዮ ላስቲክ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ዓመታት ካለፉበት ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ከብረቱ ጋር መግጠም ይተዋል።

መኪኖቻችንም አርጅተዋል፤ ወደፊትም ከዚህ በላይ ያረጃሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያለውን ዶልፊን፣ ቪትዝና አይሱዙ ጠብቆ ማቆየት ግዴታ ነው። ዘይት ማፍሰስ የአሮጌና የርካሽ መኪና ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዎቹ የፖርሽ ቦክስተር የስፖርት መኪኖች እንኳ በኋላው ፓራሊዮ በኩል ዘይት በማፍሰስ በዓለም ይታወቃሉ።

ብዙ ሰው የማያየው ግን የሞተሩን መተንፈሻ ነው። በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ሁልጊዜ ትንሽ ጋዝ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ክፍል ይሾልካል። ይህ ጋዝ በመተንፈሻው ቱቦ ወጥቶ ወደ አየር መሳቢያው መመለስ አለበት። ቱቦው ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ይፈልጋል፤ አፉ የተወተፈ ጀበና እንደሚገነፍለው ደካማ በሆነው ጓርኒሲዮን ወይም ፓራሊዮ በኩል ዘይቱን ገፍቶ ያወጣዋል።

ዘይት የሚያፈስ ዶልፊን ይዞ የመጣ አንድ ወጣት ሹፌር «ጋሼ፣ ፓራሊዮውን እኮ ቀይረን ነው የመጣነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፓራሊዮው አዲስ ነበር። የመተንፈሻውን ቱቦ ነቅዬ አቃናሁት፤ የረጋ ጥቁር ዝቃጭ እስከ መሃሉ ደፍኖታል፤ ብነፋበት አያሳልፍም። ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተመልሶ ገባ። የአንዲት የጎማ ብሎን ያህል እንኳ ዋጋ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ቀድሞ ቢታይ ኖሮ ካምቢዮው ባልወረደ ነበር።

የመተንፈሻውን መደፈን ማንኛውም ሹፌር ራሱ ሊፈትሸው ይችላል። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ እዚያው አፉ ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፤ የሚዘል ከሆነና ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ውስጥ ግፊት አለ። የቤንዚን መኪና ከሆነ በመተንፈሻው ላይ ያለችውን ትንሽ ባልቦላ አውጥታችሁ ነቅንቋት፤ ደህና ከሆነች ትንኳኳለች። መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖም ጭሱ ካልቆመ ግን የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ የትኛውም ፓራሊዮ አይዝም፤ ባለቤቱ ቢከፋውም ሞተሩ መከፈት እንዳለበት በግልጽ መንገር የባለሙያው ድርሻ ነው።

እኛ ባለሙያዎች ጠብታ ለማቆም ሲሊኮን አብዝተን መቀባታችንን ደግሞ በጣም አልወደውም። ከውጭ የተትረፈረፈው ሲሊኮን በዓይን ይታያል፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን አይታይም። እየተቆረጠ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ኮፓ ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ይደፍናል። ጠብታ ለማቆም ተብሎ ሞተር ይነክሳል።

«እየጨመርኩ እነዳለሁ» የሚሉም አሉ። ዘይቱ የጭስ መውጫው ላይ ቢንጠባጠብ ሊቀጣጠል፣ ፍሪሲዮኑ ላይ ቢደርስ ዳገት መሃል ሊያንሸራትት ይችላል። መሬት ላይ የፈሰሰውም ቢሆን አይጠፋም። ዝናብ አጥቦ ወደ ቦርከና ይወስደዋል፤ ወንዙ ደግሞ የጨፋን ረግረግ ያጠጣል። በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት ውኃና ሣር ፍለጋ የሚወርደው ወደ ጨፋ ነው። ዘይት ቀይረን የተቃጠለውን ቦይ ውስጥ የምንደፋ ባልደረቦቼ፣ በርሜል እናስቀምጥ።

ዘይት የሚያፈስ መኪና ስታመጡ ሞተሩን ከቤት አሳጥባችሁ አትምጡ፤ ምልክቱ አብሮ ይታጠባል። መጀመሪያ ባለሙያው ይየው። ከዚያ ታጥቦ፣ ትንሽ ተነድቶ፣ ከላይ ወደ ታች በባትሪ ይፈተሽ፤ ከሁሉ በላይ የሆነው እርጥብ ቦታ ምንጩ ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም አሳዩኝ በሉ። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ የዚያኑ ዕለት አትዋዋሉ። ዳገት ባለበት መንገድ በደንብ ንዱት፤ ሲቆም ከሥሩ ካርቶን ዘርግታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ካርቶኑን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።