ከክዳኑ በፊት ሜዳው

ቤትን መጠበቅ ቤትን ከመሥራት የማያንስ ድካም እንዳለው የታወቀ ነው። የድንጋዩ ግንብ ብዙ ዘመን ሲያሳልፍ፥ የሣሩ ክዳን ግን ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ያረጃል። ስለዚህ ያረጀ የሣር ክዳን እንዴት እንደሚታደስ፥ ሣሩም ከየት እንደሚገኝ፥ የመንዝን የጓሳ ሜዳ ምሳሌ አድርገን ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኝ ብርዳም ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር፥ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይኾናል። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። በዚህ ሣር ውስጥ አይጦች ይኖራሉ፤ አይጦቹን እየበላ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም በዚያ ይገኛል፤ በገደሉ አፋፍ ደግሞ ጭላዳ በመንጋ ይሰማራል። የመንዝ ሰው ግን ሣሩን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በቤቱ ክዳን ነው።

እኛ በሰሜን ያደግን ሰዎች የምናውቀው በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበትን ሕድሞ ስለ ኾነ፥ ሣር ያን ሁሉ ዝናብ መመለሱ ያስደንቀናል። ምስጢሩ ቀላል ነው። ጣሪያው ቀጥ ያለ ተዳፋት ይሠራለታል፤ የላይኛውም ረድፍ የታችኛውን ማሰሪያ ይሸፍናል። ውሃው ከሣር ጫፍ ወደ ሣር ጫፍ እየወረደ ወደ መሬት ይፈሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የምድጃውም ጢስ ክዳኑን ያደርቀዋል፤ ተባይንም ያርቃል።

ያረጀውን ክዳን የሚያድስ ሰው በመጀመሪያ የበሰበሰውን ሣር አንሥቶ እንጨቱን ይመረምራል። ወራጁ ያዘመመ፥ ማገሩም በምስጥ የተበላ እንደ ኾነ፥ በዚያ ላይ አዲስ ሣር ማልበስ ድካምን በከንቱ ማጥፋት ነው። እንጨቱ ከተጠገነ በኋላ ሣሩ ከክፈፉ ጀምሮ ወደ ላይ ረድፍ በረድፍ ይደረደራል፤ በገመድ ወይም በልጥም ይታሰራል። በመጨረሻ ጉልላቱ ይጠብቃል፤ ዝናብ ቀዳዳ የሚፈልገው በዚያ ነውና። ሥራው ብዙ እጅ ስለሚጠይቅ በደቦ ይሠራል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው ነው።

ነገር ግን ሣሩ ካልተገኘ ይህ ሁሉ ጥበብ ምን ይረባል? ሣር በየዓመቱ ከታጨደና ከብትም ከገባበት አጥሮ ይቀራል፤ አጭር ሣር ደግሞ ክዳን አይኾንም። የመንዝ አባቶች ይህን ዐውቀው ሜዳውን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሥርዓቱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተጀመረ፥ አቅኚዎቹም አስቦና ጌራ እንደ ነበሩ ይነገራል። ሕዝቡ በመረጠው አለቃ እየተመራ ሜዳውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ተከፍቶ ባለ መብቱ ሁሉ ያጭዳል፤ ከዚያም እንደ ገና ይዘጋል። ሕጉን የተላለፈ ሰው ቅጣቱ ብርቱ ነበር፤ ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስ እንደ ነበረ ይነገራል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ የቀድሞው የርስት ሥርዓት ቀረ፤ ቄሮም ከእርሱ ጋር ፈረሰ። ጠባቂ ያጣው ሜዳ ያለ ወራቱ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር፤ ሣሩም ተጐዳ። የአካባቢው ሰዎች ግን ጉዳቱን ተመልክተው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መተዳደሪያ ደንብም አወጡ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 የአማራ ክልል መንግሥት የኅብረተሰብ ጥበቃ ቦታ መኾኑን በደንብ አጸናላቸው።

ቆርቆሮ እያለ ስለ ሣር መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖር ይኾናል። ቆርቆሮ ፈጥኖ ይከደናል፤ እሳትንም ይችላል፤ ይህን አንክድም። ዳሩ ግን ቀን በፀሐይ ይግላል፤ ሌሊት በብርድ ይቀዘቅዛል፤ በክብ ቤት ላይም እየተቈረጠና እየተቀጠለ እንጂ እንደ ሣር አይታጠፍም። ይልቁንም የክዳን ሣር የማይፈለግበት ሜዳ ጠባቂው ያንሳል፤ ጠባቂው ካነሰም ቀበሮው መኖሪያውን ያጣል። ስለዚህ የቤቱ ክዳንና የዱሩ አውሬ ዕድላቸው በአንድ ገመድ የታሰረ ነው።

እንግዲህ አሮጌ ሕንፃ እንዲያስጠግን የታዘዘ ሹም የገንዘቡንና የሠራተኛውን ቍጥር ከመጠየቁ በፊት፥ ሣሩ ከየትኛው ሜዳ እንደሚመጣና ሜዳው በየትኛው ዓመት እንደሚከፈት ይጠይቅ። መልሱን የሚያውቁት ሜዳውን የሚጠብቁት ገበሬዎች ናቸውና፥ ምክሩን ከእነርሱ ጋር ቢጀምር ሥራው የተቃና ይኾንለታል።