ዋሃካን መቅመስ የሚሻ የገበያ ቀን ይቁጠር

በደቡብ ሜክሲኮ ወደምትገኘው የዋሃካ ግዛት ለምግቧ ሲል የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅቱን የሚጀምረው የታወቁ ሬስቶራንቶችን ስም በመሰብሰብ ነው። ልማዱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሦስት የተሳሳቱ እምነቶችን ተሸክሟል፤ ሦስቱም መንገደኛውን ከዋናው ማዕድ ያርቁታል።

ተረት፦ የሜክሲኮ ምግብ የትም ያው ነው፤ ማቃጠል ብቻ። እውነታው፦ በርበሬ የተላመደው ሜክሲኮ ነው፤ እኛም ድስት የደረሰው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው። ስለዚህ የአገሩ ስም ሲነሳ ማቃጠል ቢታሰበን አያስገርምም። በዋሃካ ግን በርበሬ ከማቃጠሉ በፊት ቀለምና መዓዛ ነው። ሞሌ ለተባለው ጥቁር ወጥ ቺልዋክሌ የተባለው በርበሬ ፍሬው ይወጣለታል፤ ቆዳው ምጣድ ላይ እስኪጠቁር ይጠበሳል፤ ፍሬውም ለብቻው ከሰል እስኪመስል ያርራል። ከዚያ ከሰሊጥ፣ ከለውዝ፣ ከቅመማ ቅመምና ከቸኮሌት ጋር ተፈጭቶ ረጅም ሰዓት ይንተከተካል። ጣዕሙ መረርም ጣፈጥም ይላል እንጂ ምላስ አይለበልብም። ቺልዋክሌ የሚበቅለው በግዛቲቱ ካኛዳ በተባለ አካባቢ ስለሆነ ውድ ነው፤ ሌላ አገር ሆኖ ይህንኑ ወጥ አገኛለሁ ማለትም ያስቸግራል።

ተረት፦ ገበያ ውስጥ መብላት ሆድ ያሳምማል፤ ሬስቶራንት ይሻላል። እውነታው፦ የመንገደኛ ተቅማጥ እውነተኛ ችግር ነው፤ ፍርሃቱን ማናናቅ አይገባም። ሆኖም ከበሽታ የሚጠብቀው እሳትና ንጹሕ ውኃ እንጂ የጠረጴዛ ልብስ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሰለፍበት፣ ትላዩዳ የተባለው ሰፊ የበቆሎ ቂጣ ዓይን እያየ ከምጣድ የሚወጣበት ቦታ ቀዝቅዞ ከቆየ የሬስቶራንት ምግብ ይልቅ ያስተማምናል። ጥንቃቄ የሚያሻው ለቀዝቃዛው ነው። ከበቆሎ፣ ከካካዎና ማሜይ ከተባለ ፍሬ ዘር የሚዘጋጀው ቴሃቴ የተባለ መጠጥ በእጅ እየታሸ፣ ውኃ ጠብ እየተደረገበት ነጭ አረፋው ሲንሳፈፍ በቅል ይቀርባል። ከመጠጣት በፊት ውኃው የተጣራ መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ተረት፦ የትኛውም ቀን ያው ነው። እውነታው፦ በዋሃካ ሸለቆዎች ገበያ በየከተማው ይዞራል፤ ረቡዕ ኤትላ፣ ሐሙስ ሳቺላ፣ ዓርብ ኦኮትላን፣ እሑድ ትላኮሉላ። «በዋናው ከተማ በየቀኑ ገበያ እያለ ለምን ልንከራተት?» የሚል ይኖራል። የከተማው ገበያ በእርግጥ ሀብታም ነው። ይሁን እንጂ በዙሪያው ካሉ መንደሮች የሚመጡ ገበሬዎች ምርታቸውን ይዘው የሚገናኙት በየገበያ ቀናቸው ነው፤ ያን ቀን የሚቀምስ ሰው ምግቡን ብቻ ሳይሆን ያበቀለውን አፈርም ያውቃል። ጊዜ የሌለው እንኳ ሐሙስን ሳቺላ፣ ዓርብን ኦኮትላን፣ ቅዳሜን ከተማው፣ እሑድን ትላኮሉላ ቢያደርግ በአራት ቀን ብዙ ያያል።

ከትላኮሉላ አልፎ ሚትላ አጠገብ ጊላ ናኪትስ የሚባል ዋሻ አለ። እዚያ የተገኙት የበቆሎ ቆረቆንዳዎች ከ6,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ዛሬም በዚያው ሸለቆ በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ይፈጫል፤ በውስጡ ያለው ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ለሰውነት የሚሆነው በዚህ ዘዴ ነው። ዘዴውን ትተው በቆሎውን ብቻ የወሰዱ የአውሮፓና የአሜሪካ ድሆች በፔላግራ በሽታ ተሠቃይተዋል። ምግብን ከቦታውና ከዕውቀቱ ነጥሎ መውሰድ እንዲህ ያጎድላል፤ ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የገበያውን ቀን መቁጠር ይቅደም።