ቤቱ ሰፋ፣ ሰዉ አነሰ

አክስቴ ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ 14 ዓመት፣ ባለቤታቸው ካረፉ ደግሞ 6 ዓመት ሆኗቸዋል። ከሦስት ልጆቻቸው ሁለቱ ዋሽንግተን አካባቢ፣ አንዷ ቶሮንቶ ናቸው። ቤታቸው ያለበት ግቢ 500 ካሬ ሜትር ነው፤ አምስት ክፍል ቪላ፣ ከጀርባው ሦስት ክፍል ሰርቪስ፣ በአጥሩ ጥግ አንድ ያረጀ የኮክ ዛፍ አለው። አምና ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ ሳሎኑ ተቆልፎ አገኘሁት። ሶፋዎቹ አንሶላ ለብሰዋል። ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ በአቧራ ደብዝዟል። እሳቸው የሚውሉትም የሚያድሩትም ማድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር፤ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ረከቦቱ፣ የመድኃኒቱ ካርቶን፣ ሁሉም እዚያች ውስጥ። "ሌላውን ክፍል ከዘጋሁት ሁለት ዓመቴ ነው" አሉኝ። "ማታ ማታ ኮሪደሩን ማየት እፈራለሁ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በየሄድኩበት ሰፈር ዓይኔ ተመሳሳይ ግቢ ላይ ያርፋል። ላፍቶም፣ ኮተቤም፣ ገርጂም ሄደው የብረት በር ቢያንኳኩ፣ ከውስጥ "መጣሁ፣ መጣሁ" የሚል ድምፅ ተሰምቶ በሩ እስኪከፈት ብዙ የሚቆይበት ቤት አያጡም። ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት፣ ወይም ከሁለቱ የቀሩት አንዳቸው ናቸው። የልጆቹ መኝታ ቤት የሻንጣ ማስቀመጫ ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ያሳነሱት ሳይለቁት ነው፤ ክፍል በክፍል እየዘጉ ወደ ማድ ቤቱ ተጠግተዋል። ወጪው ግን አብሮ አላነሰም። ቆርቆሮው ያፈሳል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስቶ ሮቶ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። ዘበኛ ይፈለጋል። ሠራተኛ ማግኘት ደግሞ የዘመኑ ትልቁ ጭንቀት ነው፤ ቀድሞ ከገጠር መጥታ ዓመታት ትቆይ የነበረችው ልጅ ዛሬ ጥቂት ወር ሠርታ ወደ ቤሩት፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ ትሄዳለች። በእሷስ ማን ይፈርድባታል? በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ አበሉ ከመጨረሻዎቹ ዓመታት አማካይ ደመወዝ 70 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ ያ ደመወዝ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረው ነው። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ በጡረተኞች ወሬ መሃል ቤት በስፋቱ የሚያኮራ ብቻ ሳይሆን የሚያስጨንቅም ነገር እየሆነ መጥቷል።

ታዲያ ለምን አይለቁም? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ቤቱ የተሠራበት ዘመን ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ ለቤት መሥሪያ የሚሰጠውንም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ዛሬ 70 እና 80 ዓመት የደፈኑት ሰዎች ቤታቸውን በሠሩበት ዘመን የሚገዛ አክሲዮን አልነበረም፤ የሚያከራዩት ሁለተኛ ቤትም አልነበረም። ቆጥበው የሚያስቀምጡት ሁሉ ወደዚያች አንዲት ቦታ ገባ። በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጁ፣ ተበደሩ፣ መጀመሪያ ሰርቪሱን ሠርተው እዚያው እየኖሩ ቪላውን ዓመት በዓመት ጥቂት ጥቂት ከፍ አደረጉት። አክስቴና ባለቤታቸው ሰርቪሱ ውስጥ 7 ዓመት ኖረዋል። ሁለተኛዋ ልጃቸው እዚያ ናት የተወለደችው። ግድግዳው የደመወዛቸው ታሪክ ነው፤ የትኛው ብሎኬት በየትኛው ወር ጭማሪ እንደተገዛ እስካሁን ይነግሩኛል።

ሕጉም በበኩሉ ወደ መቆየቱ ይገፋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥሪት እንዲገባ ደነገገ። ገዢ ይህን አስቦ ዋጋ ይሰጣል፤ ወራሽን ግን ይህ አይነካውም። ስለዚህ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ሒሳብ አለ፤ እናት እዚያው ትቆይ፣ ቤቱ በኋላ ይታሰብበታል። ይህን ሒሳብ እቃወማለሁ። የ75 ዓመት እናት ለልጆቿ ውርስ ዘበኛ ሆና፣ ስምንት ክፍል እያዞረች ስትቆልፍ እንድታመሽ መተው ፍቅር አይደለም። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ዕድሜ ልኳን የደከመችበትን ንብረት ማቆየት እሷን ማክበር ይመስላቸዋል። እሷም "ለልጆቼ" እያለች ዝም ትላለች። ሁለቱም ወገን ዝም ባለ ቁጥር ግን ጉልበት ይደክማል፤ ምርጫውም ከሰዎቹ እጅ ወጥቶ ወደ ሆስፒታል አልጋ ዳር ይሄዳል።

በዕድሜ መጨረሻ ቤትን አሳንሶ ከሰው ጋር መኖር ከውጭ የመጣ ሐሳብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። አያቶቻችን ልጆቻቸውን ድረው፣ መሬቱን ለልጅ አስረክበው፣ ቆብ ደፍተው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም በገዳም አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሰው ይገቡ ነበር። ደብረ ሊባኖስ የሄደ ሰው እንዲህ ያሉ አረጋውያንን ዛሬም ያያል። ትንሽ ጎጆ፣ ጥቂት ዕቃ፣ ጠዋት ኪዳን፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚጠያየቅ ጎረቤት። መጣል የሚሉት አልነበረም፤ የተከበረ ጉዞ ነበር። "ጡረታ" የሚለው ቃል ራሱ "ጦረ" ከሚለው የወጣ ነው፤ ጧሪ ማግኘት ማለት ነው። ዛሬ ቃሉ የቀረው የገንዘብ መቀበያ ስም ሆኖ ነው።

የቀረልን ሁለት ጫፍ ነው። በአንዱ ጫፍ የራስ ግቢ አለ። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተውን መቄዶንያን የመሰለ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አለ። መቄዶንያ ጧሪና ቀባሪ አጥተው ጎዳና የወደቁትን ያነሳ ቤት ነው፤ ሥራውን በአክብሮት ነው የምናየው። ነገር ግን ከዚህ የተነሳ "የአረጋውያን መኖሪያ" የሚለውን ስም ስንሰማ ወዲያው የሚታየን የወደቀ ሰው ነው። ጡረታ ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ በእግሩ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ሕንፃ ቢኖር ምን አለበት ብዬ ለአክስቴ ሳነሳ "ልጆቿ ጣሏት እንዲባል ነው?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። መሃሉ ባዶ ነው፤ ባዶ የሆነውም ሕንፃ ጠፍቶ ብቻ ሳይሆን የሚያስከብር ስም ስላጣንለት ነው።

ሁለቱ የአክስቴ ልጆች ባሉበት አገር ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት ድጎማ የሚሠሩ የአረጋውያን አፓርታማዎች አሏት፤ ዕድሜያቸው 62 የሞላና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ከገቢያቸው 30 በመቶ ያህሉን ለኪራይ ከፍለው ይኖሩባቸዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ኢትዮጵያውያን እናቶችና አባቶች አሉ። ልጅ ቤት ከርመው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው በሌለበት ቤት የልጅ ልጅ ሲጠብቁ ሰልችቷቸው፣ "የራሴ ቁልፍ ይኑረኝ" ብለው የገቡ ናቸው። እዚያ መግባታቸውን ማንም እንደ መጣል አይቆጥረውም። ያው እናት አዲስ አበባ ቢሆኑ ኖሮ ግን ዘመድ ሽማግሌ ይልክባቸው ነበር።

እኛ ጋ ለጡረተኛ በእጅ ያለው አማራጭ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አቅም ካለ ደግሞ አፓርታማ። ስለ ኮንዶሚኒየም ጥቂት ቆም ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም ጥሩ የታሰበ ነገር ነበረው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕሮግራሙ ሲነሳ ንድፉ ውስጥ ኮሙናል የሚባል ቤት ተካትቷል፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሰው የሚሰበሰብበት። ከግቢ ወደ ፎቅ የሚሄድ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ የገባው ሰው ያሰበው ነው። ግን በየሳይቱ ካየኋቸው ጥቂቶቹ መጋዘን ወይም ሱቅ ሆነዋል፤ ነዋሪው ድንኳኑን መኪና ማቆሚያው ላይ ይተክላል። ሁለተኛው ነገር ደረጃው ነው። በ20/80 የቁጠባ ፕሮግራም የተሠሩት አብዛኞቹ ሕንፃዎች ባለ ብዙ ፎቅ ቢሆኑም ሊፍት የላቸውም። ፎቁን የሚወስነው ዕጣ ነው። ለጉልበት የሚመቸው ምድር ቤት፣ መንገድ ዳር ከሆነ፣ ለሱቅ የተሸጠ ነው። የ40/60 ፕሮግራሙ ሕንፃዎች ሊፍት አላቸው፤ መብራት በሄደ ቀን ግን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያሉ እናት ያው እስረኛ ናቸው። ለወላጁ ቤት የሚፈልግ ልጅ ከመኝታ ክፍሉ ቁጥር በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፦ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይ፣ መታጠቢያ ቤቱ ዊልቸር ያስገባል ወይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በእግር ስንት ደቂቃ ነው።

አክስቴ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልጠየቁም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "እድሬስ?"

ሰፈር መልቀቅ ማለት እድር መልቀቅ ነው፤ እድር መልቀቅ ደግሞ የሚቀብርን ሰው መልቀቅ ነው። አክስቴ በወንዶቹም በሴቶቹም እድር ከ30 ዓመት በላይ ከፍለዋል። ለስንት ለቅሶ ወጥ ሠርተዋል፣ ለስንት ሐዘንተኛ አድረዋል። አዲስ እድር ለመግባት መመዝገቢያው በ70 ዓመት ላለ ሰው ውድ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን የማያውቁህ ሰዎች ይቀብሩሃል። በቅርብ ዓመታት በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ከመሃል ከተማ ተነስተው ወደ ዳር የሄዱ አረጋውያን ይህን በደንብ ያውቃሉ። ቤቱ ተሻሽሎላቸው፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ሆኖላቸው፣ "ሰው የለኝም" ይላሉ። በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው የፈረሰው ሰፈር እድር የሚሰበሰብበት ቦታ የሚሄዱ አሉ። የጡረተኛን ቤት ማሳነስ የካሬ ሜትር ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አንድ ጊዜ አብሯቸው ቢሄድ እወድ ነበር። እነዚህ ሰዎች ክፍል አልበዛባቸውም፤ ጎረቤት አነሳቸው። ቤት አሳንሶ ጎረቤትንም አብሮ የሚያሳንስ መፍትሔ ለእነሱ መፍትሔ አይደለም።

በመጨረሻ የሆነው እንዲህ ነው። ልጆቹ በስልክ ሦስት ወር ተከራከሩ። ቤቱ አልተሸጠም፤ ቪላው ተከራየ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሆን ስለሚል አክስቴ ሕጉን በሁለት በኩል አገኙት፤ እንደ አከራይም እንደ ተከራይም። እሳቸው ከአሮጌው ሰፈር በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ቦታ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራዩ። የመረጡት እሳቸው ናቸው። ከሕንፃው ጥሩ የሚባለው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት ነበር፤ ልጃቸው በቪዲዮ አይታ ወዳዋለች። "ለዕይታ አይደለም የምሄደው" ብለው እምቢ አሉ።

ዕቃ ስንከፋፍል ሁለት ቅዳሜ ፈጀን። ጋኑና እንስራው ለአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ሄደ። ቡፌው ለዘመድ። የባለቤታቸውን ሱፍ ልብሶች አንድ በአንድ አጥፈው ለዘበኛው ሰጡ፤ አንዱን ኮት ብቻ መልሰው ያዙት። የጽዋ ማኅበራቸው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር፣ ሃያ ሰው በአዲሱ ሳሎን እንደማይገባ ሲያውቁ አለቀሱ። ማኅበርተኞቹ ተነጋግረው የእሳቸው ተራ ሲደርስ በደብሩ አዳራሽ እንዲሆን ወሰኑ፤ ጠላውንና ዳቦውን ግን ራሳቸው ያዘጋጃሉ።

ባለፈው ወር ሄጄ ነበር። በሩን ከማንኳኳቴ ከውስጥ ሣቅ ሰማሁ። ከሦስተኛ ፎቅ የመጡ አንድ ጡረተኛ ነርስና ከጎን ያለች ወጣት ሚስት ቡና ላይ ነበሩ፤ ሕፃኑ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። አክስቴ ረከቦቱን ወደ እኔ ሳብ አድርገው "ከሁለተኛው ደርሰሃል" አሉኝ። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞር ብለው ያቋረጥኩባቸውን ወሬ ቀጠሉ፤ በሕንፃው ውስጥ እድር ቢመሠረት መዋጮው ስንት ይሁን የሚል ነበር።