የተጣበቀ የቱርቦ ቤት እንዴት ይላቀቃል?

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወጣ ወደ ደሴ የሚጓዘውን የጭነት መኪና አስተውላችሁ ሰምታችሁ እንደ ሆነ፣ ከሞተሩ ጉርምርምታ ጋራ አንድ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ያ ፉጨት የቱርቦ ድምፅ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከምትገኘው ኮምቦልቻ 2,500 ሜትር ገደማ ወደምትሆነው ደሴ ያወጣል። በደሴ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል።

ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ መሣሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ከሞተር የሚወጣው ጭስ አንዱን መዘውር ያሽከረክራል፤ እርሱም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ሁለተኛውን መዘውር ያዞራል፤ ሁለተኛው ደግሞ አየር እየሳበና እያመቀ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። በመዘውሩ ክንፎችና በብረት ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ቱርቦው ተበላሽቶ ከሌላ ዓይነት ሞተር የተወሰደ ሲተካ፣ ብዙ ጊዜ የዘይት መውጫው ወደ ጎን ዞሮ ይገኛል። ዘይቱ ከቱርቦው የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ስለ ሆነ መውጫው ወደ ምድር መመልከት አለበት፤ ቢያዘነብልም ከ35 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ መካከለኛውን ክፍል በጭሱ ቤት ውስጥ አዙሮ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቤቱ ተጣብቆ አልዞር ይላል። «አይሆንም፤ አዲስ ይገዛ» የሚል ወረቀት ወደ እናንተ ጠረጴዛ የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን ለማላቀቅ ምን እንደ ተደረገ ብትጠይቁ መልካም ነው።

የጭሱ ቤት የቀለጠ ብረት በቅርጽ ተፈስሶ የሚሠራ ነው። በዳገት ላይ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ የሚችል ጭስ ያልፍበታል፤ ሌሊት ደግሞ በደሴ ብርድ ይቀዘቅዛል። ዝገት ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ በመጋጠሚያው ውስጥ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ጥላሸትም ይጨመርበታል።

ችኩል ሠራተኛ እዚህ ላይ መዶሻ ያነሣል። ቤቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲመታ ይንጋደዳል፤ ያ ጠባብ ክፍተት ይጠፋና ክንፎቹ ይጎብጣሉ። የጎበጠ ክንፍ ሚዛን ያሳጣል፤ ሚዛን ያጣ ዘንግም መቀመጫውን ይበላል፤ ዘይቱም ወደ አየር ማስገቢያው ያመልጣል። የናፍታ ሞተር ደግሞ ያመለጠውን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ፣ ቁልፉ ቢዘጋም እንኳ በራሱ ሊፈጥን ይችላል። ይህ በሐረጎ መንገድ ላይ ቢደርስ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለማሰብ አያዳግትም።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። አስቀድሞ የነበረበት አቀማመጥ ምልክት ይደረግበታል። ወደ ዝገት ዘልቆ የሚገባ ዘይት በመጋጠሚያውና በብሎኖቹ ላይ ይነፋና ሌሊቱን ያድራል። ብሎን ወይም ዳዶ (መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ የወረሱት ቃል ነው) መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ መጥበቂያው ተነቅንቆ ከዚያ ቢፈታ የመቆረጡ ነገር ይቀንሳል። ከዚህ በኋላ ዘይቱ በሚገባ ተጠርጎ፣ የውጪው ቤት ብቻ ዙሪያውን በእሳት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይሰፋልና ከውስጠኛው ይላቀቃል። እሳቱ በአንድ ቦታ ቢቆም ወይም በጋለው ላይ ውሃ ቢፈስ ብረቱ ይሰነጠቃል። መካከለኛውን ክፍል ማጋል ፈጽሞ አይገባም፤ የዘንጉ መቀመጫዎችና የዘይት መከላከያዎቹ በዚያ ውስጥ ናቸውና። በስተመጨረሻ በመዳብ ወይም በእንጨት መዶሻ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በወዲያ ወገን ቀስ እየተባለ ይነካል። ካልሆነ ማሞቁ ይደገማል፤ ጉልበቱ አይጨመርም።

ቤቱ ከተላቀቀ በኋላ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ሙቀት የሚችል ቅባት ይቀባል፤ የዘይት መውጫውም ወደ ታች ተደርጎ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ይሞላል፤ ከተነሣም በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ሳይረገጥ ይሥራ። ሹፌሩም ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ወዲያው አያጥፋው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሥ፤ ሞተሩ በድንገት ከቆመ በጋለው ዘንግ ዙሪያ የቀረው ዘይት ይከስላልና።