«አግራቬት»፤ ማክበድ ነው ወይስ ማናደድ?

በመሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያረቅ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ሳይገጥመው የማይቀር ቃል አለ፤ ይኸውም «አግራቬት» የሚባለው ነው። እኔን የገጠመኝ በአንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ እጅ ነው። ከውጭ አገር የታዘዘ የመኪና መለዋወጫ ስለ ዘገየ ለሻጩ ኩባንያ የሚላክ ደብዳቤ አርቅቆ እንዳይለት አመጣልኝ። በሦስተኛው መስመር ላይ የዕቃው መዘግየት አለቃችንን «አግራቬት» እንዳደረጋቸው ይናገራል።

«አለቃችን ከዚህ በፊት ታመው ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የለም ጋሼ፤ ደኅና ናቸው። ተናደዋል ለማለት ነው እንጂ።»

«እንግዲያውስ ይህ ቃል አይሆንህም፤ ትርጓሜው ማባባስ ነው» አልሁት። ልጁ ነገር ሳያበዛ መዝገበ ቃላቱን ከጠረጴዛው አምጥቶ ገልጦ አሳየኝ። አንደኛው ትርጓሜ እኔ ያልሁት ነው፤ በሁለተኛው ተራ ግን ማናደድ፣ ማበሳጨት ይላል። አፍሬ ዝም አልሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩን ሳላጣራ መተኛት አልሆነልኝም።

ቃሉ የላቲን ልጅ ነው። በላቲን «ግራቪስ» ማለት ከባድ ማለት ሲሆን፣ «አግራቫሬ» ደግሞ ማክበድ፣ በሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው። የመሬት ስበት «ግራቪቲ»፣ ሐዘንም «ግሪፍ» መባሉ ከዚሁ ግንድ ነው፤ እኛስ ብንሆን «ከባድ ሐዘን» እንል የለምን? በፍርድ ቤት ጽሑፍ የተበደለው ወገን «አግሪቭድ» የሚባለውም የዚሁ ቃል ወንድም ነው፤ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ስለ ገባ መልኩ ተለወጠ እንጂ አባታቸው አንድ ነው። ስለዚህ የቃሉ ጥንተ ትርጓሜ ቀድሞ የከፋውን ነገር የባሰ እንዲከፋ ማድረግ ነው። የእኛ ሰው ይህንኑ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብሎ ጨርሶታል። እንቅርቱ ከሌለ ጆሮ ደግፉ ብቻውን ሌላ በሽታ ነው፤ «አግራቬት» አይባልም።

ይሁን እንጂ ቃሉ ከሸክም ወደ ሰው ስሜት የተሻገረው ትናንት አይደለም። እንግሊዞች በ17ኛው መቶ ዓመት ለማናደድ ይሠሩበት ነበር፤ ሳሙኤል ሪቻርድሰንም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1748 ታትሞ ባለቀው «ክላሪሳ» በተባለው ልብ ወለዱ በዚሁ ትርጓሜ አግብቶታል። ነቀፌታው የተነሣው ዘግይቶ፣ ከ1870 ገደማ ወዲህ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1926 የታወቀውን የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መጽሐፍ ያሳተመው ፋውለር ይህን አነጋገር ላልተማሩ ሰዎች እንተውላቸው እስከ ማለት ደርሷል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለ ከልካይ የኖረን ቃል በአንድ ጊዜ ከተማረ ሰው አፍ ለማውጣት መሞከር ድፍረት ነው ብዬ አስባለሁ። ታሪኩ ከልጁ ጋራ ነው። ቢሆንም በፋውለር ትምህርት ያደጉ አንባቢዎች ዛሬም ስላሉ፣ ደብዳቤያችን በማን እጅ እንደሚወድቅ አናውቅምና በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ መጠንቀቅ ይሻላል።

ደግሞስ ሌላ ቃል መች ጠፋ? «አኖይ» አለ፤ ለዕለት ተዕለት መበሳጨት ይበቃል። «ኢሪቴት» አለ፤ ይህ ልብንም ቆዳንም ይቈጠቍጣል፤ ሐኪሞች ለሚያሳክክ ቆዳ የሚሉት እሱን ነው። ትዕግሥት ተሟጦ ሲያልቅ «ኤግዛስፐሬት» ይባላል፤ ሥሩ ሻካራ ማለት ነው። በአማርኛ ንዴት ከእሳት የተወለደ ነው፤ ሰው ይነዳል፣ ይቃጠላል፣ ይጨሳል። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይሻክራል፤ ስለዚህ ከአማርኛ ቀጥታ የሚገለብጥ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

የቃሉ ዋና ክብደት የሚታየው ግን በሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን «የቅጣት ማክበጃ ምክንያቶች» የሚባሉ አሉ፤ ለምሳሌ ሥልጣንን መከታ አድርጎ ወይም ጨለማን ተገን አድርጎ ማጥፋት። በእንግሊዝኛው ቅጂ ይህ ቃል «አግራቬቲንግ» ነው። ከባድ ከሚለው ቃል «ማክበጃ»ን ያወጣው ሰው የላቲኑን ሥር ያወቀ ይመስለኛል።

በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ «አግራቬትድ ፌሎኒ» የሚባለውን ነገር ሊያውቁት ይገባል። በ1988 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ወደ ስደተኞች ሕግ ሲገባ የነፍስ ግድያን፣ የአደንዛዥ ዕፅንና የጦር መሣሪያን ንግድ ብቻ የሚመለከት ነበር። በ1996 ግን እጅግ ሰፋ፤ የአንድ ዓመት እስራት የተፈረደበት ስርቆት፣ ቅጣቱ በገደብ ቢታለፍም እንኳ፣ ከዚሁ ይቈጠራል። ይህ የተወሰነበት ሰው ዜግነት እስካልያዘ ድረስ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር ሊባረር ይችላል። ቃሉን «የሚያናድድ» ብቻ ብሎ የተማረ ሰው ይህን በክስ ወረቀቱ ላይ ሲያነብ ምን ያህል እንደሚዘናጋ አንባቢ ይገምት።

በማግሥቱ ልጁን ጠርቼ እኔም እሱም ልክ እንደ ነበርን ነገርሁት፤ ደብዳቤውንም አብረን አረምን። ቀድሞ የነበረውን የመለዋወጫ እጥረት የዕቃው መዘግየት «አግራቬት» አድርጎታል አልን፤ እጥረቱ በእርግጥ ከዚያ በፊት ነበርና። አለቃችን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው ከፈረሙ በኋላ ቀና ብለው «የእኔ መናደድስ የት ገባ?» አሉን።