ተጨማሪ መረጃ፦ ሰም የሚቀበለው ቀለም የትኛው ነው?

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ለቤተ ክርስቲያን የሚበራው ጧፍ የሚሠራው የጥጥ ፈትልን በቀለጠ ሰም በመለበጥ ነው። ሰሙ የሚገኘው ጠጅ ሲጠለል ከሚቀረው ሰፈፍ ወይም ከማር እንጀራ ነው። ጧፍ ቀለም አይጨመርበትም። ባለቀለም ሻማ ለመሥራት ግን የማቅለሚያው ዓይነት ወሳኝ ነው።

ሰም እንደ ዘይት ሁሉ ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ በውሃ የተበጠበጠ የምግብ ቀለም በቀለጠ ሰም ውስጥ ተንጠባጥቦ ከታች ይዘቅጣል። የሚስማማው በዘይት የሚሟሟ፣ ለሻማ የተዘጋጀ ፈሳሽ ማቅለሚያ ነው። የማይሟሟ የግድግዳ ቀለም ዱቄት ደግሞ የክሩን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን ነበልባሉን ያዳክማል።

የንብ ሰም በራሱ ቢጫ በመሆኑ ሰማያዊ ቢጨመርበት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ትክክለኛውን ሰማያዊ ለማግኘት ነጭ የፓራፊን ሰም ይመረጣል።

ጥንቃቄ፦ የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። ዕቃውን በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ አቅልጡት እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። በእሳት የተያያዘ ሰም ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ በክዳን አፍኑት።

ሞክሩ፦ ማቅለሚያውን በጠብታ ጨምሩ፤ ጥቂት ሰም ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥባችሁ ሲረጋ ቀለሙ እንዴት እንደሚለወጥ አስተውሉ።